ያልተለቀሰለት የአንኮበር ዘማች

ደብረ ብርሃን፣ ጎህ ሲቀድ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሚኒባሱ እስኪሞላ መነኸሪያው ጥግ ጋቢዬን ተከናንቤ ዳቦ በሻይ እበላለሁ። አብሮኝ የሚጓዘው በላቸው ነው፤ ዛሬ የፋብሪካ ጥበቃ ነው፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ግን ከአንኮበር ወረዳ በፈቃዳቸው የዘመቱ እግረኞች መሪ ነበር። የእነዚያን ዘማቾች ታሪክ እያሰባሰብኩ ነው። ስለ ጄኔራሎች የሚጽፍ ሞልቷል፤ እግረኛው የሚያስታውሰው ማጣቱ ያናድደኛል።

የምንሄደው ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ነው። ልጃቸው ታደለ ዘምቶ አልተመለሰም። «ሞቱን ያየ የለም፣ እህቴ፤ መርዶ አልተነገራቸውም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ አልተለቀሰም» አለኝ በላቸው። ዛሬ የወረዳዋ ከተማ የጎረቤላ ገበያ ስለሆነ፣ ከቤት ሳይወጡ እንድረስባቸው ብለን ነው በማለዳ የተነሳነው።

መንገድ ላይ

የገብስ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ የኩበት ክምር፣ ጭነት የከበደባቸው አህዮች። ታሪፉ ሌላ ነው፣ የከፈልነው ሌላ። ጉሙ ሲወፍር ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ።

«ጉም ሲሆን ጆሮዬም ያስፈልገኛል» አለ።

በላቸው የዘመቻውን ነገር ያወጋኛል። «ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ዱላውን ይዞ ወጣ። ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሠለጠንን። ስንቃችን በሶ ነበር። መጀመሪያ የአንኮበርን ገደል ጠብቁ አሉን፤ ጠበቅን። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄድን። ስናፈገፍግ ጉም ወረደ። ታደለ ጥይት ተሸክሞ ከኋላዬ ይመጣ ነበር። ጉሙ ሲገለጥ የለም።»

ድምፁ ስለ ዘንድሮ አዝመራ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው።

ከጎረቤላ ወጣ ብሎ

ሰው ቤት ዝም ተብሎ አይገባምና የሰፈሩን ሽማግሌ ጋሽ ወልዴን ይዘን ቁልቁለቱን ወረድን። ሦስታችንም ጋቢ ለብሰናል፤ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ወይዘሮ አስካለ ደጃፋቸውን ይጠርጋሉ። ቀና ብለው አዩን። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ፤ «ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ያኔ ነው የገባን። በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ የሚመጣ እንግዳ መርዶ ነጋሪ ነው። መግቢያ አጣሁ። ጋሽ ወልዴ «ኧረ መርዶ አይደለም፤ የዘመቻውን ታሪክ ሊጠይቁ ነው!» እያሉ ወደ እሳቸው ሲሮጡ፣ ጩኸቱን የሰማው ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ደርሷል።

 ወይዘሮ አስካለ በላቸውን አዩት።

«አይተኸዋል?»

«አላየሁም፣ እማማ። ባይማ ኖሮ ድሮ እመጣ ነበር።»

«እንግዲያው ከመጣችሁ አይቀር አልቅሱልኝ።»

«በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም፤ ሟርት ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«በሕይወት ካለ አምጡልኛ።»

 ጋሽ ወልዴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ጎረቤቶቹም አጠገባቸው ተቀመጡ። መጀመሪያ ያለቀሰው በላቸው ነበር።

መልስ

ከሰዓት በኋላ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ድንችና ዶሮ ጭኗል። ወይዘሮ አስካለ ቤት ለቀስተኛው አልተበተነም። ደብረ ብርሃን ልንገባ ስንል በላቸውን ጠየቅሁት።

«ስለ ታደለ ምን ብዬ ልጻፍ? ሞተ ልበል ወይስ ጠፋ?»



«ተለቀሰለት በዪ።»