ሁለቱም ተይዘዋል

ሰቆጣ በውሃ መሐንዲስነት እየሠራሁ ማስተርሴን በርቀት እማር ነበር። የአፈር ግድብ ሥር ለሥር ምን ያህል ውሃ እንደሚያፈስ የሚያሰላው ሶፍትዌር በቢሮዬ ኮምፒውተር የሚሞከር አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ብዙ ኮምፒውተሮችን አያይዞ እንደ አንድ የሚያሠራበት ክፍል አለው፤ በኢንተርኔት እየገባን እዚያ እናሠራዋለን። ፈቃዱ ግን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ተጠቃሚዎቹም ሁለት ነን፤ እኔና ደሃና ወረዳ የምትሠራ የክፍል ጓደኛዬ። እሷ እዚያ ኔትወርክ ስለማታገኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰቆጣ እየመጣች፣ ከእኔው ቢሮ ሥራዋን አስጀምራ ትመለሳለች።

አንድ ሰኞ ልገባ ብል ሶፍትዌሩ «ሁለቱም ተይዘዋል» አለኝ። ማክሰኞም ያው። አንዱን እሷ ይዛዋለች፤ ሁለተኛውንስ? ድሮም ጠርጣራ ነኝ፤ እናቴ «ጥላህንም ታማዋለህ» ትለኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዙራ መቀመጧ ትዝ አለኝ። ቀና ብላ ፈገግ ብላልኝም ነበር። ያን ጊዜ ደስ ያለኝ ፈገግታ አሁን የሌባ መሰለኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ደውዬ ልጠይቃት አሰብሁና፣ ብትክደኝስ ብዬ ተውሁት። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ረቡዕ ለዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተሮች ኃላፊ ጻፍሁ፤ ሁለቱንም ይዛ ከልክላኛለች አልሁት። እሱም ሳያጣራ አካውንቷን ዘጋው።

ሐሙስ ወዲያው ተከፈተልኝ። «አላልሁም?» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ማን ምን እያሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር ስከፍት ግን የእኔ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንደኛው የዕለቱ ነው። ሌላው ካለፈው ዓርብ ጀምሮ የተከፈተ። ዓርብ እየሠራሁ መብራት ጠፍቶብኝ ነበር። እኛ ዘንድ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር አብሮ ስለሚጠፋ ዘግቶ መውጣት የሚባል ልማድ የለኝም። ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ግን መብራት አልጠፋም፤ ምንም የማይሠራ የእኔ መስኮት ሳምንቱን ሙሉ ቦታ ይዞ ከርሟል።

ዝርዝሩ ላይ እንዳየሁት የእሷ ስሌት የተቋረጠው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። እንደገና ቢጀመር ሌላ ሳምንት ይፈልጋል፤ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርበው ደግሞ ሰኞ ነበር። አፈርሁ። ከማፈሬም በላይ ፈራሁ። ለኃላፊው እውነቱን መጻፍ ጀምሬ መልሼ አጠፋሁት።

ቅዳሜ መጣች። ጫማዋ ጭቃ ነው፣ ዓይኗ ቀልቷል። የቢሮአችን የኢንተርኔት ባለሙያ ለእሷ ሲል እንደ ልማዱ በዕረፍት ቀኑ መጥቶ በሩን ከፈተላትና ሰላም ብሏት ሄደ።

«ምረቃዬ ለሚመጣው ዓመት ተሻገረ» አለችኝ። «ወንድሜ፣ የከሰሰኝ ሰው አለ፤ ኃላፊው ስሙን አልነገረኝም። እዚህ የማምነው አንተን ነው፤ ማን ይመስልሃል?»

እሷ በሩን አየት አደረገችና ድምጿን ቀነሰች።

«እሱ ይሆን እንዴ? ቅዳሜ ቅዳሜ ሳስቸግረው መሮት ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል» አልኋት።

እስከ ዛሬ ሰውዬውን ሰላም አትለውም።