ፊልትሮውን ያጠብኩ ዕለት

ክልላችን ክልል በተባለ ሰሞን ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቢሮ የሚባል ነገር ሁሉ አዲስ ነበር። ሰሌዳው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ኃላፊው አዲስ። ወንበር ብቻ አልነበረም፤ ሰው ስብሰባ ሲጠራ ከቤቱ በርጩማ ተሸክሞ ይመጣ ነበር። እኔ በየመንደሩ ክትባት በሚያዳርስ አንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሆኜ ስቀጠር፣ ከግቢው ሁሉ የሚያምረው ንብረት አንዲት ነጭ ፒካፕ ነበረች። ከኋላም ከፊትም ወንበር ያላት፣ የወንበሮቿ ላስቲክ ገና ያልተቀደደ። በአጠገቧ ሳልፍ ቀሚሴን ሰብሰብ አደርግ ነበር፤ እንዳላቆሽሻት።

የሚነዳት ሰው አኝዋክ ነው፣ ባሮ ዳር ያደገ። መንዳት የተማረው አቦቦ በኩል፣ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ላይ ነው። ከእኔ ብዙ ስለሚበልጥ «ጋሼ፣ እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ነበር። እሱ ግን አማርኛን የለመደው በሥራ ላይ ነውና አንቱታ አይመቸውም፤ ኃላፊውንም እኔንም አንተና አንቺ ነው የሚለው። «እርስዎ ስትዪ ሌላ ሰው የመጣ ይመስለኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ «አንተ ጋሼ» ሆነ።

እኔ ወለል ለመወልወል ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሜ እገባለሁ። እሱ ደግሞ ከእኔ ይቀድማል። ስደርስ ኮፈኑ ተከፍቷል። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ መልሶ ይከተዋል፣ እንደገና ይመዘዋል። ከናፍጣው ፊልትሮ ሥር ያለችውን ትንሽ መክፈቻ ላላ አድርጎ በናፍጣው የገባውን ውሃ ያንጠባጥባል። ለራዲያተሩ ከባሮ የተቀዳ ውሃ በቀጥታ አይጨምርም፤ ጄሪካን ውስጥ ሁለት ቀን አስቀምጦ ጭቃው ወደ ታች ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን በነጠላ ጨርቅ ያጠልላል። በበጋ መንገድ ዳር ያለው ሣር ከሰው ይበልጣል፤ ፒካፗ ሰንጥቃው ስታልፍ የሣሩ ፍሬ ሁሉ ራዲያተሩ ላይ ይሰካል። ያን ፍሬ በጃርት እሾህ አንድ በአንድ ይለቅመዋል። ሴት የልጇን ፀጉር ስታበጥር አይታችኋል? እንደዚያ ነው።

የቢሮው ሰው ይቀልድበት ነበር። «አንተ፣ ሚስትህንስ እንዲህ ታያታለህ?»

«ሚስቴ ሲያማት ትናገራለች» ይላል ቀና ሳይል። «ይቺ ዝም ትላለች።»

አንድ ልማድ ነበረው፤ ሌላ ቦታ አላየሁም። መኪናው ላይ ከሚሳፈሩት አንዱ መጥቶ የዘይቱን ዘንግ በዓይኑ አይቶ «አየሁ» ካላለ ሞተር አያስነሳም። «የእኔ ዓይን ሁልጊዜ ደህና ነው ይላል። ለምዶ» ይል ነበር። ከአልዌሮ ግድብ ወዲያ መኪና ቢቆም ሰው የለም፣ ጥላ የለም፤ ስለዚህ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚቆመው ሰው ሁሉ ይይ፣ ነው ነገሩ። ነርሶቹ እየሳቁ ያያሉ። ኃላፊው ግን አንድም ቀን አላዩም። ገና ከትምህርት የተመለሱ ወጣት የአካባቢው ልጅ ናቸው፤ ክልሉ ሥራ እንዲያሳይ ሁሉም ይጠብቃል፣ እሳቸውም እንቅልፍ የላቸውም። «እኔ ሹፌር ነኝ እንዴ?» ብለው ገብተው ይቀመጣሉ።

የእሳቸውን ፈንታ ማየት የእኔ ሥራ ሆነ። አልሳፈርም፣ ግን አያለሁ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ምን አየሽ?»

«ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ትንሽ ዝቅ ብሏል። ከታችኛው ከፍ ብሏል።»

«መልኩስ?»

«ጠቁሯል፤ ግን አልወፈረም።»

«አሁን ሹፌር ሆንሽ» ይለኛል።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። በሰፈራ ጊዜ ከቤተሰቤ ጋር አቦቦ አጠገብ ስንሰፍር ጭቃ ግድግዳችን ላይ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎ ነበር፤ ፊደል የለየሁት ከዚያ ግድግዳ ነው፣ ያገኘሁትን እየጠየቅሁ። ጋሼ ፊደል እንደምቆጥር ሲያውቅ አንድ ደብተር አመጣልኝ። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ዘይት ተቀየረ። ጎማ ቦታ ተለዋወጠ። ግሪስ ተመታ። የባትሪው ጫፍ በሙቅ ውሃ ታጠበ።» ፊደሎቼ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ መስመሩን ለቅቀው የሚሄዱ ነበሩ። እሱ ግን ገጹን ገልጦ ሲያየው መጽሐፍ ያሳተምኩ ይመስል ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

እንግዲህ በአንድ የበጋ ሳምንት ኃላፊው ተቆጡ። ፒካፗ ራዲያተሯ እስኪጸዳ ጠዋቱን ቆማ ሁለት ጊዜ ዘግይታ ወጥታለች። በሰው ፊት፣ በግቢው መሃል፣ «በዚህ ማንጓተት መኪናው አንድ ቀን ከሥራ ቢቀር ቁልፉን ለሌላ ሹፌር እሰጣለሁ» አሉት። ጋሼ «እሺ» ብቻ አለ። ያችን መኪና ከእሱ ወስዶ ለሌላ መስጠት በዓይኔ ሊታየኝ አልቻለም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጋሼና ነርሶቹ ከአቦቦ መንገድ ተመለሱ። ፒካፗ ነጭ መሆኗ ቀርቷል። ጋሼ የአየሩን ፊልትሮ አወጣ፤ ያ ሞተሩ የሚተነፍስበት፣ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የታጠፈ ክብ ነገር ነው። ሁልጊዜ መዳፉ ላይ ቀስ እያደረገ መታ መታ ያራግፈዋል። ያን ቀን ግን ሳይጀምር የለቅሶ መልእክት መጣበትና ፊልትሮውን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ክትባት ይዘው ሊወጡ ነው።

አየሁት። ቆሻሻ ነው። እኔ ደግሞ ጽዳት ነኝ! ጠዋት ሳይንጓተት ይውጣ ብዬ፣ ባልዲ አምጥቼ፣ ሳሙና አረፋ አስደፍቄ፣ እጥፍ እጥፉን በጣቴ እየገባሁ አጠብኩት። እንዳልጨምቀው ብቻ እግዜር ጠበቀኝ። የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ባልዲ ደፍቼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። በደብተሩም ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «ፊልትሮ በሳሙና ታጠበ። በጣም ጸዳ።»

ጠዋት ስመጣ ጋሼ ፊልትሮውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ ለስልሷል።

«ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ደስ እንዲልህ ብዬ።»

«ወረቀት ነው፣ እህቴ። ወረቀት ይታጠባል?»

«ምኑን አውቄ!» እንባዬ መጣ።

«እውነት ነው። ማየት አሳየሁሽ እንጂ አለመንካት አላሳየሁሽም» አለኝ።

ያኔ ኃላፊው ደረሱ። የክትባቱ ሳጥን በረንዳው ላይ ወጥቷል፣ ነርሶቹ ቆመዋል።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ፊልትሮው እርጥብ ነው» አለ ጋሼ። «አትነሳም።»

«እንዴት ረጠበ?»

«እኔ ጋ ሆኖ ረጠበ።» የእኔን ነገር አላነሳም። ወደ እኔም አላየም።

ግቢው ውስጥ ቆሞ የነበረ የውሃ ቦቴ ሹፌር፣ «አውጥቶ ጥሎ መንዳት ነዋ! ያለ ፊልትሮስ ትሄድ የለ?» አለ።

ኃላፊው ወደ ጋሼ ዞሩ። «እውነት ነው? ያለሱ ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች። ዛሬ ትሄዳለች፣ ነገም ትሄዳለች። አቧራው ገብቶ ሞተሩን ይበላዋል። ከዚያ አትሄድም።»

«እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ዛፍ ሥር ይጠብቁናል! ዛሬ ብለናቸዋል!»

«አውቃለሁ። ግን ክረምትም ልጅ አላቸው። ያኔ በምን ትሄዳለህ?»

ኃላፊው እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን አምጣ።»

ጋሼ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ያቺን የዘይት ጨርቁን አውጥቶ ጠረገው። ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነውና ጽዱ ይሁን ብሎ። መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ያን ሳይ ነው አፌ የተከፈተው፤ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ።

«ጌታዬ፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ። እሱ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ተጽፏል።» ደብተሩን ሮጬ አመጣሁ።

ገልጠው አነበቡ። «በጣም ጸዳ» ብለው ጮክ አድርገው አነበቡት፤ ነርሶቹ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ ገጽ ገለጡ። ሌላም ገለጡ። ሳቁ ቀረ። ቆመው ብዙ አነበቡ፤ ደብተሩ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ያለውን ጠዋት ሁሉ።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይህንን ሁሉ የሠራውስ?»

ወደ ጋሼ ጠቆምኩ። ምን ልበል ሌላ?

«መቼ ይደርቃል?» አሉት።

ጋሼ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «በጋምቤላ ፀሐይ? ምሳ ሳትበላ ይደርቃል። ግን ያኔ ብንነሣ መንደሩ ሳንደርስ ይመሻል። ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት እንወጣለን።»

ኃላፊው ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ራዲዮ መገናኛው ክፍል ገቡ። በመስኮት ድምፃቸው ይሰማን ነበር፦ «ለእናቶቹ ንገሯቸው፣ ነገ ነው። አዎ፣ ነገ። ይቅርታ በሉልን።» ነርሶቹ የክትባቱን ሳጥን በላምባ ወደሚሠራው ፍሪጅ መለሱ። ያን ይቅርታ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይሞቃል፤ የእኔ ነበርና። በዚያ ፀሐይ ልጅ አዝሎ በእግሩ መጥቶ የተመለሰ ሰው አለ።

ፊልትሮውን እንደ በርበሬ እያገላበጥኩ አሰጣሁት። ሲደርቅ ጋሼ ወደ ፀሐዩ አንሥቶ ከውስጥ በኩል አየው፤ ቀጥሎ ለእኔ ሰጠኝ። «ቀዳዳ ካለ ብርሃኑ እንደ መርፌ ይወጋሻል» አለኝ። እጥፉን ሁሉ አዞርኩ። አንድም አልወጋኝም።

«አየሁ» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ግቢው ውስጥ ሁለት ሰው ነበር። ኃላፊው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከተከፈተው ኮፈን ፊት ቆመዋል። ጋሼ ዘንጉን መዞ፣ ጠርጎ፣ ከትቶ፣ እንደገና መዞ ዓይናቸው ሥር አቀረበው።

«አየሁ» አሉ ኃላፊው።

«ምን አየህ?»

እሳቸው ዘንጉን አዩ፣ ጋሼን አዩ፣ ከዚያ ባልዲዬን ይዤ የቆምኩትን እኔን አዩኝ።

«ነይ እህቴ» አለ ጋሼ። «ለኃላፊው አስረጂው።»

ባልዲውን አስቀመጥኩ። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና የላይኛውን ምልክት፣ የታችኛውን ምልክት፣ ዘይቱ በመካከል የት ጋ እንደቆመ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ፒካፗ በአንድ ጊዜ ተነሣች፤ ከበሩ ወጥታ ወደ አቦቦ ስትታጠፍ ደብተሬን ገለጥኩ። ያን ዕለት የጻፍኩት አጭር ነው፦ «ዘይት ደህና ነው። ፊልትሮ ደረቅ ነው። ኃላፊው አዩ።»