የእትዬ ዘሀራ ዘር

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ግን ብቅልም አላወጣውም። ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም። እናንተ ስሙኝ።

ገንዳ ውሃ ከተማ አጠገብ በየገበሬው ማሳ እየዞርኩ የአረም መድኃኒት እረጫለሁ። እርሻ ተምሬ ስለተመረቅሁ አላወቅሁም ማለት አልችልም። መድኃኒቱ ተክል ለእድገቱ ራሱ የሚያመነጨውን ሆርሞን ይመስላል፤ ሲበዛበት ሰፊ ቅጠል ያለው አረም እድገቱ ተዛብቶ ይሞታል። ማሽላ ለጋ ሳለ ይችለዋል። ዛላው በአገዳው ውስጥ መሠራት ከጀመረ ግን ያው ሆርሞን አበባውን ያመክነዋል። ይህን ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ አልፌበታለሁም።

ጋሽ ይማም ማሳቸውን በጊዜው እንድረጭላቸው ቃል አስገብተውኝ ነበር። እኔ ደግሞ የአንድ ባለሀብት ሰፊ እርሻ ስረጭ ቆየሁ። ስደርስ አንድ አገዳ ሰነጠቅሁ። ዛላው ውስጡ ነበር። አየሁት፤ በገዛ ዓይኔ አየሁት!

«አልረፈደም ወይ ልጄ?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አይል፣ ጋሼ!»

ለምን ዋሸሁ? ረፍዷል ብል ማን አስረፈደው ሊሉኝ ነዋ! ለዚያች አፍታ ሀፍረት ብዬ ረጨሁት።

ማሽላው ዛላ አወጣ፤ ዛላው ፍሬ የለውም። የጎረቤታቸው ማሳ በዚያው መድኃኒት በጊዜው ስለተረጨ አፍርቷል። ስለዚህ ጋሽ ይማም መድኃኒቱንም እኔንም አልጠረጠሩም። የጠረጠሩት ባለቤታቸውን እትዬ ዘሀራን ነው። ዘሩን ከወሎ ይዛ የመጣችው፣ በየዓመቱ ምርጥ ምርጡን ዛላ ለቅማ ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃዋ በላይ ጭስ ላይ እየሰቀለች ያቆየችው እሷ ናት።

«ዘሩን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ!» ሲሏት እዚያው ቆሜ ነበር።

«ጭሱ አቃጥሎት ይሆናል» አለች አንገቷን ደፍታ።

የተቃጠለ ዘር መች ይበቅልና ዛላ ያወጣል? ይህን ማለት ለእኔ ምን ያህል ቀላል ነበር! ዝም አልኩ። የተረፈውንም ዘር እርባና የለውም ብለው አስፈጭተው በሉት። ከዚያ ወዲህ ያ ማሽላ የለም።

አሁን ብነግራት ዘሯን አልመልስላት፤ ባልነግራትም እንቅልፍ የለኝ። ምን ላድርግ? ይቅርታ እንኳ የምለምነው እናንተን ነው፤ የበደልኩት እሷን ሆኖ ሳለ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለኝም።

አሁን በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ከገበያ የተገዛ ዘር አሸክማ ትመጣና ጆንያውን ፊቴ ትፈታዋለች።

«የእኔ እጅ ለዘር አይሆንም። አንተ የተማርከው ምረጥልኝ» ትለኛለች።

እኔም እመርጥላታለሁ።