ኢንስፒራዳ ጌም ልገዛ የሄድኩበት ቤት

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኢንስፒራዳ የሚባል አዲስ ሰፈር ያገለገለ ጌም ልገዛ ሄጄ የገጠመኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

እኔ ኤርፖርት መራመድ የሚቸግራቸውን መንገደኞች ዊልቸር ነው የምገፋው። በአንዱ በረራና በሌላው መሃል ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ፤ ስልክ መነካካት ደግሞ ሰልችቶኛል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ያቺን በእጅ የምትያዝ ጌም ይዘው ዓለማቸውን ሲቀጩ ሳይ አማረኝ። ልግዛ? ልተወው? እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። ባለቤቴ ሰላም «ጢምህን ይዘህ ጌም?» ብላ ሳቀችብኝ። በኋላ ግን «ያገለገለ ከሆነ ይሁን» አለች።

ስልኬ ላይ ማስታወቂያ አይቼ ስደውል ያነሱት ሰውዬ ሐበሻ ሆኑ። ዳዊት እባላለሁ አሉኝ። «ልጄ ትታው ነው እንጂ አዲስ ነው። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ብቅ በል። ባለቤትህንም ይዘሃት ና» አሉኝ። ለጌም ሚስት ምን ታደርጋለች ብዬ ነበር... ግን የኛ ሰው ነው፣ እንዲህ ነው አልኩ።

ቤቱን ስታይ ሰላም አፏን ያዘች። አዲስ ነው፣ ባለ ፎቅ፣ ደጁ ተጠርጎ የተወለወለ። ሃምሳን ያለፉ፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው የለበሱ ሰው በካልሲ ወጥተው በሩን ከፈቱልን።

«ግቡ፣ ግቡ! ቤታችሁ ነው።»

ሳሎን ተቀመጥንና ጌሙን ከቦርሳው አውጥተው ሰጡኝ። ስክሪኑ ጭረት የለውም፣ ባትሪው ሙሉ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ግን ጌሙ ውስጥ ያለችው ልጅ መራመድ ጀመረች። ማንም ሳይነካት... ወደ ግራ፣ ወደ ግራ።

«ጆይስቲኩ የላላ ይመስለኛል ጋሼ» አልኳቸው።

«የለም» አሉ ፈገግ ብለው። «ማርታ ናት። እንግዳ ሲመጣ አርፋ መቀመጥ አትችልም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ወደ ደረጃው ዞር ብለው «ማርቲ! እንግዶቹ መጥተዋል፣ ነይ ሰላም በያቸው!» ብለው ተጣሩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። እኔም አዳመጥኩ... ከኤሲው በስተቀር ምንም አይሰማም።

«እሺ፣ እሺ፣ ቀስ ብለሽ ነይ» አሉ ወደ ላይ። ከዚያ ለእኛ «ልብስ እየቀየረች ነው።»

ሰላም እጄን ልታጠብ ብላ ሄደችና ወዲያው ተመለሰች። ፊቷ ተለዋውጧል። ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ቧንቧው ውሃ የለውም... የሽንት ቤቱም ክዳን በፕላስተር ታሽጓል» አለችኝ።

ቤቱን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። ሳህኑ ላይ ያለው ፖም ፕላስቲክ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቲቪ ካርቶን ነው። መደርደሪያው ላይ ባለው ፎቶ ፈረንጅ ባልና ሚስት መሃል አንዲት ወርቃማ ጸጉር ያላት ትንሽ ልጅ ቆማ ትስቃለች።

ጋሽ ዳዊት ዓይኔ የት እንዳረፈ አይተዋል።

«እሷ ናት» አሉኝ። «በእናቷ ወጣች።»

«በይ እንሂድ» ልላት ወደ ሰላም ስዞር የውጭው በር ተከፈተ። ባጅ ያንጠለጠለች ፈረንጅ ሴትዮ አንድ ወጣት ባልና ሚስት አስከትላ ገባች። ቤት ሻጭ ናት። ለካ የተቀመጥንበት ቤት ማንም የማይኖርበት፣ ገዢ እንዲያየው ብቻ የተሠራ የማሳያ ቤት ነው!

እሳቸውን ስታይ ፊቷ በራ። «ዛሬም መጡ?» አለቻቸው በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ «በየሳምንቱ እየመጡ ያዩታል። ለሚስታቸውና ለልጃቸው መምረጥ እኮ ቀላል አይደለም። ቤተሰባቸውን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር... እናንተ ናችሁ?»

ጋሽ ዳዊት ከተቀመጡበት ተነሱ። «ወንድሜ ነው» አሏት። «ታናሽ ወንድሜ። እሷ ደግሞ ባለቤቱ ናት።»

ከዚያ እኔን አዩኝ። እንደዚያ ያለ ልመና በሰው ዓይን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ሰላም ብድግ ብላ ክንዳቸውን ያዘችና «አዎ፣ ቤቱን አብረን እንይላቸው ብለን ነው። በጣም ደስ ይላል» አለቻት። ሴትዮዋም እንኳን ደህና መጣችሁ ብላ ወጣቶቹን ባልና ሚስት ወደ ኩሽና ይዛቸው አለፈች።

ጋሽ ዳዊት ጌሙን አጥፍተው፣ በእጅጌያቸው ወልውለው ቦርሳው ውስጥ መለሱት። እስከ በሩ ድረስ ሸኙን።

«አትቀየሙኝ» አሉ። «እሷን ሳላስፈቅድ መሸጡ ከብዶኝ ነው።»

«ምንም አይደል ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ደህና ይሁኑ» አለቻቸው ሰላም።

መኪናችን ውስጥ ገብተን ሞተሩን አስነሳሁ። ልጅቷ ሞታባቸው ይሆን? እናቷ ይዛት ሄዳ ይሆን? ወይስ... ጭራሽ አልነበረችም? «መጠየቅ ነበረብን» አልኩ። «ምን ብለህ?» አለችኝ። ጌም የሚባል ነገር ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ አላማረኝም፤ ኤርፖርት አሁንም ስልኬን እየነካካሁ ነው የምጠብቀው።

ትናንት ከሺፍት ስወጣ ከእሳቸው ሜሴጅ ገባልኝ። «ባለፈው ውሃ እንኳ ሳትቀምሱ ሄዳችሁ፣ አፍረናል። እሁድ ምሳ እኛ ጋ ነው። ማርታም ትኖራለች።»

ስልኩን ለሰላም ሰጠኋት። አነበበችው... ደግማ አነበበችው። አንሄድም የምትል መስሎኝ ስጠብቅ ስልኩን መለሰችልኝና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ለልጅቷ ምን ይዘን እንሂድ?»