ጸሎት የተያዘልኝ ሰሞን

ጓደኛዬ ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረችም። ቤታቸው ዳቦ ከተገዛ ግማሹ በአጥር ላይ ለእኔ ይሻገራል፤ ትምህርት ቤት አንዱ ቢገፋኝ ቀድማኝ የምትጣላው እሷ ናት። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን ነው ያደግነው። የእነሱ ቤት ጴንጤ፣ የእኛ ቤት ኦርቶዶክስ፤ የእነሱ አፍ ኦሮምኛ፣ የእኛ የወሎ አማርኛ። አያቶቼ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ከእርሻው ወጥቶ ነቀምቴ ላይ በርበሬ መነገድ የጀመረው አባቴ ነው። ኦሮምኛ ያስተማረችኝ ጓደኛዬ ናት። መጀመሪያ የገበያውን፣ ቀጥሎ ስድቡን፣ መጨረሻ ላይ መዝሙሩን።

ጣጣውን ያመጣው መዝሙሩ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ወጥተን፣ እሷን ተከትዬ የቤተ ክርስቲያናቸው የወጣቶች ጸሎት ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። እናቴ ስትሰማ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ። በማርያም፣ ማተብሽን ብቻ እንዳትበጥሺ» አለችኝ። አልበጠስኩም። እውነቱን ለመናገር ሃይማኖት ፍለጋም አልነበረም የሄድኩት። ጓደኛዬ ያለችበት ሁሉ ቤቴ ስለሚመስለኝ ነው። በኋላ ደግሞ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ነበረ።

ልጁ ከነቀምቴ ብዙም የማትርቀው የሲሬ ልጅ ነው። አባቱ እዚያ መንገድ ዳር ሱቅ አለው፤ እሱ ግን ነቀምቴ አክስቱ ዘንድ ተቀምጦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይማር ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ የኪቦርዱን ገመድ እየጠቀለለ «ቃሉ ገባሽ?» ይለኛል በአማርኛ። ገብቶኝም አልገባኝም እላለሁ፣ እንዲያስረዳኝ። ፍቅራችን ያን ያህል ነበር። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከእሱ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

አብሮ መታየት አይታሰብም። በጸጥታው ምክንያት ኢንተርኔቱ ተዘግቷል፤ ስልኩም እየሠራ እየጠፋ ያስቸግራል፤ ቢሠራስ እኔ የራሴ ስልክ የት አለኝ? ስለዚህ የእሱን ቃል ለእኔ፣ የእኔን ለእሱ የምታመላልሰው ጓደኛዬ ሆነች። መጀመሪያ በደስታ ነበር። ድምፁን እየቀዳች፣ እንደሱ አንገቷን እየሰበረች ስትነግረኝ በሳቅ እንፈርሳለን። እያደር ወሬው አጠረ። «ምን አለ?» ስላት «ምንም» ትለኛለች። አንድ ቅዳሜ አጥሩ ላይ ተደግፋ «ድሮ ስለ እኔም ትጠይቂኝ ነበር እኮ» አለችኝ። ሳቅኩባት። ልጁን የፈለገችው መስሎኝ ነበር። እኔን ነበር የፈለገችው፤ ያንን ግን ማን ይጠረጥራል? በሰፈራችን ቅናት የሚባለው በወንድ የመጣ እንደሆነ ብቻ ነው።

ወጣቶች ጸሎት ላይ አንድ ልማድ አለ። ክብ ሠርተን እንቀመጥና እያንዳንዱ የጸሎት ርዕስ ይሰጣል፤ አንዱ ስለ ፈተናው፣ አንዱ ስለ ታመመ አባቱ። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ባንድ ጊዜ ይጸልያል። ስም አይጠራም፤ «አንዲት እህት»፣ «አንድ ወንድም» ነው የሚባለው። ሐሜት አይደለም፣ «ሸክም» ነው። ሐሜተኛን አፍሽን ዝጊ ማለት ይቻላል፤ የሚጸልይልሽን ሰው ግን ምን ብለሽ ታቋርጪዋለሽ?

አንድ ረቡዕ ተራው ጓደኛዬ ጋ ደረሰ። «ኦቦሌቲ ኬኛ ቶኮፍ» ብላ ጀመረች፤ ስለ አንዲት እህታችን። ወደ ብርሃን ልትመጣ ጥቂት ስለቀራት፣ ነገር ግን ልቧ በአንድ አገልጋይ ወንድም ስለተያዘ እህት እንድንጸልይ ጠየቀች። ስለዚያ ወንድምም እንዲሁ፤ እጆቹ ለጌታ ብቻ እንዲጫወቱ። ከተቀመጥነው ሁሉ አንገቷ ላይ ማተብ ያለባት እህት እኔ ብቻ ነበርኩ። እጁ የሚጫወት ወንድምም አንድ ነው። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም፤ የኪቦርዱን ልብስ ዝም ብሎ ይነካካል።

ከዚያ ሁሉም እየጮኸ ጸለየልኝ። አንድ ያልገባኝ ቃል ቢኖር ምን ነበረበት! ሁሉም ገባኝ፤ ያስተማረችኝ እሷ ናታ። መሪው ሲጨርስ «አሜን» ተባለ፣ እኔም አሜን አልኩ። እዚያ መካከል ዝም ማለት «እኔ ነኝ» ማለት መስሎኝ ነው። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ፤ ከመጀመሪያው ማን ሳያውቅ ቀረና?

እሑድ ኪቦርዱ ጋ ሌላ ልጅ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ልጁን ከአገልግሎት አሳርፈው አክስቱን አነጋግረዋል። ብዙም ሳይቆይ አባቱ መጥቶ ሲሬ ወሰደው፤ ትምህርቱን እዚያው ይጨርስ ተባለ። ወሬው እኛም ቤት ደረሰ። አባቴ አልመታኝም፤ «ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት» አለና በርበሬውን መልቀም ቀጠለ።

ልጁ በተወሰደ ማግሥት ጓደኛዬ መጣች። ዓይኗ አባብጧል። ልሰድባት አፌን ስከፍት «ቅዳሜ ሲሬ አያቴ ጋ እሄዳለሁ፤ የምትልኪው ነገር አለ?» አለችኝ። ስድቤን ዋጥኩት። ወደ ሲሬ የምልከው ሌላ ሰው አልነበረኝም።

«እጠብቀዋለሁ በይው» አልኳት። «ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ።»

ስትመለስ ገና ከበሩ አቀፈችኝና «ትርሳኝ ብሏል» አለች። አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ከአጠገቤ አልጠፋችም፤ ታስጠናኛለች፣ ጸጉሬን ትሠራኛለች፣ ካልበላሽ አልበላም ትላለች። አባቴም ከእሷ ጋር ስሆን አይቆጣም። ለሚያየን ሰው እንደ ድሮው ሆነናል። እኔ ግን የበላሁት ሁሉ አፈር አፈር ይለኝ ነበር፤ ጠዋት መነሣት ራሱ አስጠልቶኛል።

ክረምት ሲገባ እናቴ ሲሬ ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። እሷ ድንኳን ስትገባ ሹልክ ብዬ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። የአባቱን ሱቅ ጠይቄ ደረስኩ። ብቻውን ሆኖ ስኳር እየመዘነ ነበር።

«ናጋ?» ብሎ ሰላም አለኝ፣ ለማንም ደንበኛ እንደሚለው።

«ለምን ርሺኝ አልከኝ?» አልኩት።

ሚዛኑን ትቶ አየኝ። «እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ የአባቴ ሃይማኖት ይበልጥብኛል ብለሽ የላክሽብኝ?»

«አላልኩም። እጠብቀዋለሁ ነው ያልኩት።»

«እዚሁ ቆማ ነው የነገረችኝ። እያለቀሰች። ከልቧ ነበር።»

«ዋሽታሃለች።»

ስኳሩን ከሚዛኑ ወደ ላስቲክ ገለበጠ። ሲናገር እንደሚገሥጽ ሰው ሆነ። «ጓደኛሽ እኮ ናት! ስላንቺ ያልጸለየችበት ቀን የለም። አሁን ደግሞ በእሷ ታሳብቢያለሽ?»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እሷም ከአንጀቷ ነበር ያለቀሰችው፤ ለእሱ ማስረዳት ያቃተኝ ይኼን ነው። ምስክር አምጪ ብባል የምጠራው ሰው እሷው ነበረች። አንዲት ሴትዮ ሳሙና ልትገዛ ገባች፣ እሱም ወደ እሷ ዞረ። ወጣሁ።

ነቀምቴ ስንገባ እየዘነበ ነው። እናቴ ለቅሶው ያስለቀሰኝ መስሏት ባጃጁ ውስጥ «ኧረ ይብቃሽ፣ ለማታውቂው ሰው!» ትለኛለች። ሰው ፈለግሁ። በሆዴ ያለውን የምዘረግፍለት፣ ተናግሬ ሳልጨርስ የሚገባው አንድ ሰው። የክፍሌን ልጆች ባስብ፣ ዘመዶቼን ባስብ፣ ማንም የለም። ቤት እንደገባን ጫማዬን ሳልቀይር ተመልሼ ወጣሁና የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁ።

የከፈተችልኝ ጓደኛዬ ናት። ስታየኝ ደነገጠች። «ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው?» በሻርፗ ፊቴን ጠረገችልኝ። «ማን ነው ያስለቀሰሽ?»

አንቺ ነሽ ብላት ማንም አይቀረኝም።

«እሱ ነው» አልኳት።

«ብዬሽ ነበር እኮ» አለችና አቅፋ ወደ ውስጥ አስገባችኝ።