ስለ ዘሃራ ዓይን የሰጠሁት መልስ

ማንኩሽ ውስጥ የማያውቀኝ የለም። የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ አማርኛ አንብቤ የጻፍሁ፣ ሰባ ዓመት አልፎኝም ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የማስገባ እኔ ነኝ። ሚስቴ ከሞተች በኋላ አንድ ማለዳ ሻንጣዬን ይዤ፣ ዓባይን ተሻግሬ አሶሳ ገባሁ። ማንጎው ከእኛው ይጣፍጣል፤ የማሽላ ገንፎው ግን የእኛን አያህልም።

የቀበሌው ጸሐፊ መታወቂያዬን ሲሞላ፣

«ሥራ?» አለኝ።

«ሊቅ።»

«እሱ ሥራ አይደለም፣ አባባ። ጡረተኛ ልበል?»

«ከሊቅነት ጡረታ የወጣ ማን አለ?»

«ሥራ የለውም» ብሎ ጻፈ።

ሠፈሩ ግን አወቀኝ። የጤና ባለሙያዋ ስልኬ ላይ ቻትቦት ጫነችልኝ፤ ስለ ጤና ሲጽፉለት በአማርኛ ይመልሳል። ጎረቤቶቼ የሚናገሩት የበርታ ቋንቋ ስለሆነና አማርኛ መጻፍ ስለማይችሉ ጠያቂያቸው እኔ ሆንሁ። የሰው ሚስት ሕመም በስሟ መጻፍ ነውር ነውና የሁሉንም «እኔ» እያልሁ ጻፍሁ። ወባ ያዘኝ፣ አጠባሁ፣ ጥርስ አበቀልሁ። ማሽኑ ሠፈሩን ሁሉ አንድ ሰው አድርጎ ያዘው።

አንድ ቀን አከራዬ ሐጂ ሙሳ መጡ።

«ኡስታዝ፣ የልጄ ሚስት ራስ ያማል። ፊት አብጧል። ሆድ ሰባት ወር ነው። ስም አትጻፍ።»

ጻፍሁ። ማሽኑ «ዓይንዎ ብዥ ይልብዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። ተናደድሁ። «ዓይኔ ከወጣት ይበልጣል» አልሁት። «እንግዲያው ዛሬ አያስቸኩልም፤ ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አለኝ። ለሐጂም «ነገ» አልኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሳልነካው ስልኩ ጮኸ። «ዛሬስ ዓይንዎ ያያል?» ይላል።

ቀና አልሁ። የሐጂ ምራት ዘሃራ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ከጆግ ውሃ ትቀዳለች። ውሃው ከኩባያው ጎን መሬት ላይ ይፈሳል። እሷ ኩባያው እስኪሞላ ትጠብቃለች።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። እሷ ተረፈች፤ በሆዷ የነበረው ልጅ አልተረፈም። ሐጂ «ከአላህ ነው፣ ኡስታዝ» አሉኝ። ስለ ዓይኗ የመለስሁትን አልነገርኋቸውም።

ስልኩ አሁንም በየጠዋቱ «ልጅዎ ዛሬ ተንቀሳቀሰ?» ይለኛል። አንዳንድ ቀን እጄን ሆዴ ላይ አርፎ አገኘዋለሁ።

ትናንት እህቴ ከማንኩሽ ደውላ «ለመሆኑ እዚያ ሄደህ ምን ሠራህ?» ስትለኝ ዘረዘርሁላት፦

ዓባይን ብቻዬን ተሻገርሁ።
መታወቂያ አወጣሁ፤ ቤት ተከራየሁ።
የሠፈሩን ሕመም ሁሉ በአማርኛ ጻፍሁ።
ዘሃራን በሕይወቷ ሆስፒታል አደረስሁ።
ከዚያ ወዲህ ታማሚዋን ራሷን ሳላስጠይቅ አንድም መልስ አልጻፍሁም።
የጠዋቱን ጥያቄ ግን፣ እህቴ፣ እስካሁን አልመለስሁትም።