ቃል ለቃሚዋ ሐመልማል

ሐመልማል ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። እንጀራዋ ፊደልና መዝሙር ነው፤ ፍቅሯ ግን ቃል ነው። አንዳንዱ ቴምብር፣ አንዳንዱ የድሮ ሳንቲም እንደሚሰበስብ እሷ ቃል ትለቅማለች። ጆሮዋ ጥልቅ ያለ እንግዳ ቃል ተመልሶ አይወጣም። ደግሞ አትጽፈውም። "ቃል ካልተነገረ ይሻግታል" ባይ ናት። አዲስ ያገኘችውን ቃል ቀኑን ሙሉ በሄደችበት ትናገረዋለች፤ ለባለ ሱቁ፣ ለጎረቤቱ፣ ለሕፃናቱ። ምላሷ ሲለምደው ያኔ የራሷ ሆነ ማለት ነው።

ይህ አመል የያዛት በልጅነቷ ነው። ወላጆቿን በጊዜ አጥታ ያደገችው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ድንችና ጎመን ከሚያለሙት አክስቷ ከእትዬ የማርያምወርቅ ዘንድ ነበር። አንድ የኅዳር ማለዳ አክስቷ ውርጭ የመታውን ጎመን ሲቀነጥቡ ቆይተው እጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና፣

"ዛሬስ ቆፈን ያዘኝ፤ ጣቶቼ የኔ አልመስል አሉኝ" አሉ።

"ቆፈን ምንድን ነው፣ እትዬ?"

"ብርድ እጅሽን ጠፍሮ ሲያስረው ነዋ! ብርድ ገመድ ቢኖረው ስሙ ቆፈን ነው።"

ልጅቱ ቃሉን እንደ ከረሜላ እየመጠጠች ቁልቁለቱን ወርዳ ትምህርት ቤት ገባች። እርሳስ መያዝ አቅቷት መምህሩ ምን እንደሆነች ሲጠይቋት "ቆፈን ይዞኝ ነው" ብትል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ቆፈን ሆነ። ቤቷ እየገባች ታለቅስ ነበር። ብርዱ የበረታ ሰሞን ግን እነዚያው የሳቁባት ልጆች እጃቸውን እያፍተለተሉ "ኧረ ቆፈን! ኧረ ቆፈን!" ሲሉ ሰማቻቸው። እንባዋ የት እንደገባ አታውቅም። ቃል እንደ ጉንፋን ከሰው ሰው እንደሚጋባ፣ ይህችን ቃል ያጋባችውም ራሷ መሆኗን ስታውቅ ደስታው አላስተኛትም።

ከዚያ ወዲህ ማን ይቻላት! ከገበያ "ምራቂ"ን አመጣች፤ ሻጭዋ መዝና ከሰጠች በኋላ ፊትሽን አይታ ጣል የምታደርግልሽ ያቺን አንድ ድንች። ከጎረቤት "እንፉቅቅ"ን አገኘች፤ መዳህ የሰነፈ ሕፃን በቂጡ እየተጎተተ ሲሄድ። ከታክሲ ረዳቶች "ነቄ"ንና "ላሽ በል"ን ለቀመች፤ አንዱ ንቁ፣ ሌላው ዞር በል ማለት ነው። የአራዳ ነው፣ የባላገር ነው ብላ አትንቅም። ደስ ካላት ደስ አላት ነው።

ባሏን ያገኘችውም በቃል ምክንያት ነው። ፀሐዬ ከኮተቤ የሚነሳ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ተሳፋሪው በሩ ላይ ተከምሮ አልገባ ሲለው ዞር ብሎ "ኧረ እዚያ አትገተሩ!" ብሎ ጮኸ። ሐመልማል በሳቅ ፍርስ አለች። ከምትወርድበት ፌርማታ አልፋ መጨረሻው ድረስ ሄደችና፣

"ይቅርታ፣ ይህን መገተር የሚሉትን ነገር ማን ነው ያስተማርዎት?" አለችው።

"አባቴ" አለ ፀሐዬ፣ ያሾፈችበት መስሎት ጆሮው ቀልቶ። "በሬ ሲቆምበት ነው እንዲህ የሚለው።"

በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ። ፀሐዬ ዝምተኛ ሰው ነው። "ደህና ዋልሽ"ና "እራት ደርሷል ወይ" ካለ ሌላው በአብዛኛው ራስ በመነቅነቅ ያልቃል። የሚስቱን አመል አይቃወምም፤ ግን አይገባውም ነበር። "ቃል ምኑ ይለቀማል? ቆርኪ ነው እንዴ?" ይላት ነበር።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው ነገር የመጣው። አንገቷ ላይ ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረው እንቅርት ማደግ ጀመረ። ስትተኛ ያፍናት፣ ስትዘምር ያስላት ጀመር። ሐኪሙ ዶክተር ፍሮምሳ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። ምርመራውን አይቶ ክፉ ነገር እንደሌለበት፣ ነገር ግን መውጣት እንዳለበት ነገራት።

"እሱስ ይውጣ፤ ብቻ ጆሮ ደግፍ እንዳይጨመርበት" አለችው ተረቱን አስታውሳ።

ዶክተሩ ሳቀ። ወዲያው ግን ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ። "አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎ አልችልም። የድምፅ ነርቭ በእንቅርቱ ጎን ነው የሚያልፈው። ተጠንቅቀን ነው የምንሠራው፤ ቢሆንም አንዳንዴ ይነካል።"

"ከተነካስ?"

"ድምፅዎ ሊጠፋ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይመለሳል።"

ሐመልማል በሕይወቷ የጠላቻቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። "አብዛኛውን ጊዜ" የዚያን ዕለት ተጨመረ።

ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። ስትነቃ ፀሐዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጇን ይዟል። ስሙን ልትጠራው አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፣ ከተበሳ ጎማ እንደሚወጣ አየር። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ፀሐዬ ነገሩ የገባው ዓይኗን ሲያይ ነው።

ዶክተር ፍሮምሳ ነርቩ እንዳልተቆረጠ፣ እንደ ደነዘዘ ብቻ ነገራቸው። "ጊዜ ይስጡት" አለ። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ ገባ። ክፍሏን ሌላ መምህርት ያዘችላት። ሐመልማል ገበያ ስትሄድ በጣቷ እየጠቆመች ትገዛለች። ሰውን ለማናገር ጆሮው ሥር ገብታ ታንሾካሹካለች፤ ሰውም አብሯት ያንሾካሹክና ወሬው ሁሉ ምስጢር ይመስላል። ይህስ ይቻላል። ያልቻለችው ሌላው ነበር። ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን "አንተ ቅብጥብጥ፣ እንደ ፌንጣ አትፈናጠር!" ስትለው ብትሰማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ድሮ ቢሆን "አትፈናጠር"ን ይዛ ነበር ቤቷ የምትገባው። አሁን የማትናገረውን ቃል ይዛ ምን ታደርገዋለች? ቤት ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ተወች።

ፀሐዬ ይህን አየ። አንድ ምሽት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ከፊቷ ቆመና ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ዛሬ አንድ ቃል አገኘሁልሽ" አለ። "አንዱ ተሳፋሪ ሌላውን 'አጋሰስ' አለው።"

አጋሰስን የማያውቅ የለም። ሐመልማል ግን የባሏን ፊት አየችው፤ ትልቅ ዓሣ አጥምዶ የመጣ ይመስላል። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀበለችው።

በማግስቱም አመጣ። ከዚያ በኋላ ቀረ የተባለበት ቀን የለም። ያ አንደበቱን የሚቆጥብ ሰው አውቶቡሱ መነሻው ላይ ሲቆም ወደ ተሳፋሪው ዞሮ "ለባለቤቴ የሚሆን ጥሩ ቃል ያለው ሰው አለ?" ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ኋላ ነገሩን ሲረዱ ያለውን ያልሰጠ የለም። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር የሚቀመጡት ጡረተኛው ጋሽ ገበየሁ "ሰንኮፍ"ን ሰጡት፤ ቁስል እንዳይድን ውስጡ ቁጭ የሚለው ያ ጠንካራ ነገር። "ባለቤትህን የልቧን ሰንኮፍ ይንቀልላት በልልኝ" አሉት። የኮተቤ ተማሪዎች "ሙድ መያዝ"ን ሰጡት፤ ማሾፍ ማለት ነው። አንድ ቄስ "ኆኅት" በግዕዝ ደጅ ማለት ነው ብለው ነገሩት፤ ቤት እስኪደርስ "ሖት" ሆና ቀረች። ሐመልማል ድምፅ አልባ ሳቅ ስቃ ሆዷን ያዘች። ባሏ በየመንገዱ ቃል የሚለምን ሹፌር ተብሎ መወራቱን ስትሰማ ደግሞ እንባ እንባ አላት።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ እያባራ ባለበት ማምሻ ላይ፣ ፀሐዬ እራት ቀርቦለት ተቀመጠ።

"የዛሬው ጠፈጠፍ ነው" አለ እየጎረሰ። "አንዲት ሴትዮ 'ዝናቡስ ቆሟል፤ የሚያረጥበን ጠፈጠፉ ነው' ስትል ሰማኋት። ትርጉሙን ሳልጠይቃት ወረደች። ግን አውቄዋለሁ። እበት ጠፍጥፈው የሚያደርቁት፣ ኩበት ማለት ነው።"

ሐመልማል ራሷን ነቀነቀች።

"ኧረ ነው! ጠፈጠፈ፣ ጠፍጣፊ፣ ጠፈጠፍ። ሌላ ምን ሊሆን?"

በጣቷ ወደ ላይ ጠቆመችው።

"ኮርኒስ?"

አይደለም አለች በእጇ፤ ደግማ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ጠቆመች፣ ጣቶቿንም ቁልቁል አወረደቻቸው።

ፀሐዬ አሰበ፤ አሰበና ፊቱ በራ። "ገባኝ! ጣሪያ ላይ የሚሰጣ ኩበት!"

"አይደለም!" አለች ሐመልማል። "ኩበት ምን አመጣው! ከጣሪያ ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው!"

ፀሐዬ ወደ በሩ ዞሮ አየ፤ ሌላ ሰው የገባ መስሎት ነበር። በሩ እንደተዘጋ ነው። ወደ ሚስቱ ተመለሰ። እሷም እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ደርቃ ቀርታለች። ድምፁ የተሰነጠቀ፣ የጎረነነ፣ ዝገት የያዘው ነበር። ግን ድምፅ ነበር።

"እስቲ... እስቲ ጥሪኝ" አላት።

"ፀሐዬ" አለች። ከዚያ ድምፁ እንዳያልቅባት የፈራች ይመስል በቀስታ "ፀሐዬ፣ እጅህ ላይ ያለውን ጉረስ እንጂ" አለችው።

አልጎረሰም። ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ፤ "እፎይ" አለ፣ "እፎይ እናቴ!" ከግንቦት ጀምሮ በደረቱ ይዞት የዞረው ትንፋሽ ሁሉ የወጣ መሰለ። ሐመልማል ልታጽናናው አስባ ሳቀች፤ ሳቋም ድምፅ ነበረው፤ ይህን ሲሰሙ ሁለቱም ባሰባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የመጣባት ፍርሃት ነው። ድምፁ ሌሊት ተመልሶ ሄዶ ቢሆንስ? ብርድ ልብሱን ራሷ ላይ ስባ በቀስታ "ጠፈጠፍ" አለች። አለ። "እንፉቅቅ" አለች። አለ። "ምራቂ፣ ሰንኮፍ፣ ኆኅት" አለች፤ አንድ በአንድ ሁሉም መጡላት። አጠገቧ የተኛው ፀሐዬ ዓይኑን ሳይገልጥ "አጋሰስን ረሳሽ" አላት።

ዶክተር ፍሮምሳ በቀጭን መሣሪያ ጉሮሮዋን አየላትና ነርቩ መንቃቱን አረጋገጠ። ትንሽ ሊጎረንን እንደሚችል፣ ከዚያ በቀር የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነገራት። "አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል ብዬዎት ነበር" ሲላት ያንን አባባል እዚያው ይቅር አለችው። ከሆስፒታሉ እስከ እንጦጦ ሄዳ ለአክስቷ በራሷ አፍ ነገረቻቸው። እትዬ የማርያምወርቅ አሁን በዕድሜ ብዛት ጆሯቸው ከብዷል። "ምን አልሽ?" እያሉ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይደክማት ነበር። አሁን መቶ ጊዜ ቢያስደግሟት ደስ ባላት።

አንድ ነገር ግን አልለቀቃትም ነበር። "እውነቱን ንገረኝ" አለችው ፀሐዬን፣ "ኩበት ያልከው አውቀህ ነው አይደል?"

"እኔ ምን አውቄ!" አለ። "አሁንም ኩበት ማለት ቢሆን ይሻለው ነበር።"

መስከረም ሲገባ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሕፃናቱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ያውቃታል፣ አንዳንዱ አዲስ ነው። "ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ!" ስትላቸው ሰልማ የምትባል ትንሽ ልጅ፣ አምና ከጉልበቷ የማትለይ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠቻት።

"ቲቸር" አለች።

"ወዬ፣ የኔ ቆንጆ?"

"ድምፅሽ ፂም አበቀለ።"

ሐመልማል ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፋ ሳቀች። ሕፃናቱም ያሳቃትን ነገር ሳያውቁ አብረው ሳቁ። ቀኑን ሙሉ ለርዕሰ መምህሯ፣ ለዘበኛው፣ ለዳቦ ሻጩ "ድምፄ ፂም አበቀለ" እያለች ዋለች። ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። የፀሐዬ አውቶቡስ ወደሚያልፍበት ፌርማታ ወርዳ፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እየተቁነጠነጠ፣ መንገዱን ታይ ጀመር።